ጥያቄና መልስ፦ ከቁምስና ወደ ኮንግረስ ቢሮ

«ልጄ ከቁምስናችን ወጣቶች ጋር ዋሽንግተን ላይ ወደሚደረግ የካቶሊክ ጉባኤ ልትሄድ ነው። የመጨረሻው ቀን ኮንግረስ መግባት ነው ሲሉኝ ደነገጥኩ። ቤተ ክርስቲያንን ከፖለቲካ ምን አገናኛት?» — እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

እናታችን፣ ጉባኤው «ኢግናሺያን ፋሚሊ ቲች-ኢን ፎር ጀስቲስ» የሚባለው፣ ስለ ፍትሕ የሚማሩበት ጉባኤ ነው። የተወለደው ከሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 1989 በኤል ሳልቫዶር የመንግሥት ወታደሮች ሌሊት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ስድስት ኢየሱሳውያን ካህናትን ገደሉ፤ ምስክር እንዳይቀርም እዚያው ያደሩትን ኤልባ ራሞስንና ልጇን ሴሊናን አብረው ገደሏቸው። የካህናቱ ጥፋት ስለ ድሆችና ስለ ሰላም መናገራቸው ነበር። ከገዳዮቹ ብዙዎቹ ፎርት ቤኒንግ፣ ጆርጂያ በነበረው የአሜሪካ ጦር ትምህርት ቤት የሠለጠኑ ስለነበሩ፣ ጉባኤው በ1997 የተጀመረው እዚያው ጦር ሰፈሩ አካባቢ ነው። ወደ ዋሽንግተን የዞረው በ2010 ነው። በግድያው ውሳኔ ከተሳተፉት ባለሥልጣናት አንዱ የነበረ ኮሎኔል ስፔን ውስጥ የ133 ዓመት እስራት የተፈረደበት በ2020 ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳይታክቱ የጠየቁ ሰዎች ባይኖሩ ፋይሉ ተዘግቶ ይቀር ነበር።

ቤተ ክርስቲያንን ከፖለቲካ ምን አገናኛት ላሉት ደግሞ፣ «ተስፋ አያሳፍርም» (ሮሜ 5፥5) የ2025ቱ ኢዮቤልዩ (ቅዱስ ዓመት) የታወጀበት ቃል ነው። በዚሁ አዋጅ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ፍራንችስኮስ ሀብታም አገሮች የድሃ አገሮችን ዕዳ እንዲሰርዙ ጠይቀዋል። ተስፋው ተለይቶ ከታወቀ ጥያቄ ጋር ነው የመጣው ማለት ነው። ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛም በ2005 መልእክታቸው ቤተ ክርስቲያን መንግሥትን መተካት እንደማይገባት፣ ለፍትሕ በሚደረገው ትግል ግን ዳር ቆማ መመልከት እንደሌለባት ጽፈዋል። ወጣቶቹ የሚሄዱት ስለ አንድ ሕግ ወይም በጀት ለመናገር ነው። «እገሌን ምረጡ» የሚል ቃል ግን ከቁምስናው ስም ጋር አይነሳ፤ ከግብር ነፃ የሆኑ ተቋማት በምርጫ ዕጩ እንዳይደግፉ የሚከለክለው ሕግ ከ1954 ጀምሮ አለ። እርስዎ የልጅዎን የፈቃድ ወረቀት ከመፈረምዎ በፊት አብረው የሚሄዱት አዋቂዎች የሀገረ ስብከቱን የሕፃናት ጥበቃ ሥልጠና መውሰዳቸውን ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ መብትዎ ነው።

«ወጣቶቻችን ግማሾቹ ቨርጂኒያ፣ ግማሾቹ ሜሪላንድ፣ ጥቂቶቹ ዲሲ ነው የሚኖሩት። የማንን ቢሮ እንጠይቅ? ገብተንስ ምን እንበል?» — የወጣቶች አስተባባሪ

መጀመሪያ የሁሉንም የቤት አድራሻ ከነዚፕ ኮዱ ሰብስቡ። ቢሮዎቹ የሚቀበሉት የአካባቢያቸውን ነዋሪ ነው፤ የቁምስናው አድራሻ አይረዳችሁም። የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ልጆች እያንዳንዳቸው ሁለት ሴናተርና አንድ የተወካዮች ምክር ቤት አባል አሏቸው። የዲሲ ልጆች ሴናተር የላቸውም፤ ያላቸው በሕግ ማጽደቂያው ላይ ድምፅ የማይሰጥ አንድ ተወካይ ነው። እነሱን ብቻቸውን አትላኩ፤ ከሌሎቹ ጋር አቀላቅሏቸው።

ቀጠሮውን አዘጋጆቹ ይያዙት ወይም እናንተ፣ ስትመዘገቡ አረጋግጡ። እናንተ ከሆናችሁ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቀድማችሁ በቢሮው ድረ ገጽ ባለው ቅጽ ጠይቁ፤ መልስ ከዘገየ ደውሉ። የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ቢሮ ሕንፃዎች፣ ካነን፣ ሎንግዎርዝና ሬይበርን፣ ከካፒቶሉ (ከኮንግረስ ዋና ሕንፃ) ደቡብ ናቸው፤ የሴናተሮቹ፣ ረስል፣ ደርክሰንና ሀርት፣ ከሰሜን ናቸው። ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ስትሻገሩ የእግር መንገዱም የፍተሻ ሰልፉም ጊዜ ይበላል፤ በሁለት ቀጠሮ መሃል 45 ደቂቃ ተዉ።

ብዙ ጉብኝት የሚበላሸው በጥያቄው ነው። ሦስት አራት ጉዳይ ይነሳል፣ ሁሉም ልብ ይነካል፣ ግን ቢሮው ምን እንዲያደርግ እንደተጠየቀ አያውቅም። ወይም ደግሞ ሥልጣኑ የሌለው ሰው ይጠየቃል። ለምሳሌ በ2022 ለኢትዮጵያውያን የተሰጠውን ጊዜያዊ ከለላ (ቲፒኤስ) የመስጠትም የማንሳትም ውሳኔ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሩ እንጂ የኮንግረስ አይደለም። ስለዚህ አንድን የምክር ቤት አባል «ከለላው እንዲቀጥል አድርጉ» ማለት ዋጋ የለውም። «ለሚኒስትሩ ደብዳቤ ይጻፉልን» ወይም «የዚህ ቁጥር ረቂቅ ሕግ ተባባሪ አቅራቢ ይሁኑልን» ብትሉ ግን አዎ ወይም አይ የሚባልበት ነገር ነው። የረቂቁን ቁጥር ያዙ፤ አባሉ ቀድሞ ፈርሞበት እንደሆነም ያን ዕለት ጠዋት ከኮንግረስ ድረ ገጽ እዩ። ፈርሞ ከሆነ አመስግኑና ሌላ የምክር ቤት ባልደረባውን እንዲያግባባ ጠይቁ።

ብዙውን ጊዜ የሚቀበላችሁ አባሉ ሳይሆን ወጣት የሕግ ጉዳይ ረዳት ነው። አትናቁት፤ ለአለቃው ማስታወሻ የሚጽፈው እሱ ነው። ጊዜው 15 ደቂቃ ነው ብላችሁ ተዘጋጁ። አንዱ ሁላችሁንም በአንድ ደቂቃ ያስተዋውቅ። አንዷ ጉዳዩ የነካውን ሰው በሦስት ደቂቃ ትናገር፦ የኪራዩን፣ የሥራ ፈቃዱን፣ የልጁን ትምህርት እየጠራች። ሌላው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት በሁለት ዓረፍተ ነገር ያቅርብና ጥያቄውን ይጠይቅ። ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ሲከብዳቸው ልጆች ሌላ ጉዳይ ይጀምራሉ፤ መልሱም እዚያው ይጠፋል። «እንመለከተዋለን» ከተባለ «መቼ ብንጠይቅዎ ይሻላል?» በሉና አንዱ ይመዝግብ። አንድ ገጽ ወረቀት ትታችሁ ውጡ፤ በሁለት ቀን ውስጥ የምስጋና ኢሜይል ላኩ፤ ጥያቄውም እዚያው ላይ ይደገም።

«የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አልተወሰነም። እኔም መግባት እችላለሁ?» — ከሲልቨር ስፕሪንግ

ይችላሉ። ለሕዝብ ተወካይ አቤት ማለት ለዜጋ ብቻ የተሰጠ አይደለም፣ በቢሮዎቹ ሕንፃ መግቢያም የሚፈተሸው ዕቃዎ ነው እንጂ መታወቂያዎ አይደለም። ሆኖም የራስዎን ታሪክ ከመናገርዎ በፊት ጠበቃዎን ያማክሩ፤ ለቢሮው በሚተወው ወረቀት ላይ ስምዎ አይግባ፣ ቡድኑም ፎቶዎን ፌስቡክ ላይ እንዳይለጥፍ ይንገሩ። የራስዎ ፋይል ዘግይቶ ከሆነ ደግሞ ያንን በዚህ ጉብኝት ላይ አያንሱት። የምክር ቤት አባልዎ በሚኖሩበት አካባቢ ባለው ቢሮ የግለሰብ ጉዳይ የሚከታተል ሠራተኛ አለው። እሱ ስለ እርስዎ ጉዳይዎን የያዘውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ የሚችለው የፈቃድ ቅጽ ሲፈርሙለት ነው፤ ቅጹ በድረ ገጹ ላይ ይገኛል፣ የጉዳይ ቁጥርዎን ይዘው ይሙሉት።