«ሐይቁ ተገለበጠ» ያለኝ አባቴ

ጥያቄ፦ ወላጆቼ የተለያዩት ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሲሆን፣ ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ከእናቴ ጋር ነው። አባቴ ቢሾፍቱ፣ ከባቦጋያ ሐይቅ አፋፍ ላይ ባለች ትንሽ ቤት ይኖር ስለነበር፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ይወስደኝና እሑድ ማታ ይመልሰኝ ነበር። በመጪው ጥር ሙት ዓመቱ ሲታሰብ ለቤተሰቡ የማነበው አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ከሁሉ አጉልቼ የማስታውሰው አንድ እሑድ ማለዳን ነው፤ የገና ሰሞን ይመስለኛል። ውኃው የገማ እንቁላል ይሸታል፣ የሞቱ ቆሮሶዎች ዳር ዳሩን ይንሳፈፋሉ፣ አባቴም ጋቢውን አውልቆ ከጠቀለለኝ በኋላ «ሐይቁን ብርድ መትቶት ተገለበጠ» ይለኛል። ከሌላ እናት የተወለደውና እዚያው ቤት ያደገው ታናሽ ወንድሜ ግን «ሐይቅ አይገለበጥም፣ በሕልምሽ ነው» እያለ ይስቅብኛል። በእንግድነት የማውቀውን ቤት ትዝታ ላምነው እችላለሁ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ነፍሳቸውን ይማር። አባትዎ የነገሩዎት ትክክል ነው። ባቦጋያ፣ እንደ ሆራና እንደ ቢሾፍቱ ሐይቅ ሁሉ፣ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠረ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ስፋቱ ትንሽ፣ ጥልቀቱ ግን ከ60 ሜትር የሚያልፍ ውኃ ነው። ዙሪያውን የከበበው ገደል ነፋሱን ስለሚከልልለት፣ ፀሐይ ያሞቀችው የላይኛው ውኃ ከቀዝቃዛውና ከከባዱ የታችኛው ውኃ ጋር ሳይቀላቀል ለብዙ ወራት ይቆያል፤ የታችኛውም ከአየር እንደተለየ ኦክስጅኑ እያለቀ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ጋዝ ያጠራቅማል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲበርድ ግን ላይ ያለው ቀዝቅዞ ይከብድና ይሰምጣል፣ የታችኛው ደግሞ ሽታውን ይዞ ይወጣል። ዓሦቹ የሚሞቱት ታፍነው ነው። በቢሾፍቱ ሐይቆች ይህ መድረሱን ተመራማሪዎች መዝግበውታል፤ «የገና ሰሞን» ያሉትም ከወቅቱ ጋር ይገጥማል።

ወንድምዎን ግን አይቀየሙት። ዓሣ የሚጨርስ መገለባበጥ በየዓመቱ አይመጣም፤ ደግሞም ታናሽዎ ስለሆነ ያን ጊዜ ጭራሽ አልተወለደም ይሆናል። (እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር።)

«እንግድነት» ያሉትን ቃል ግን አልተቀበልኩትም። ውኃ ዳር የሚያድግ ልጅ ውሎ አድሮ ውኃውን ማየት ይተዋል፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ የሚመጣ ልጅ ግን ከመኪና እንደወረደ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። በአንጻሩ አባትዎ ሰኞ ማለዳ እንዴት እንደሚነሡ፣ በምን እንደሚቆጡ የሚያውቀው ወንድምዎ ነው። እርስዎ የሚያውቁት ቅዳሜን የሚጠብቁትን አባት ስለሆነ፣ ወንድምዎን ቁጭ አድርገው ይጠይቁትና የነገረዎትን፣ ከእርስዎ ትዝታ ጋር ባይስማማም እንኳ፣ በራሱ አነጋገር ጽሑፍዎ ውስጥ ያስገቡለት።

ከላይ የጻፍኩትን የሐይቅ ትምህርት ለሙት ዓመቱ አያንብቡት፤ የአባትዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ይልቅ ደብዳቤዎ ውስጥ ሳያስተውሉት ያለፉት ነገር አለ። ጋቢው እርስዎ ላይ ከነበረ፣ ሐይቅ በገለበጠው በዚያ ብርድ አባትዎ ያለ ጋቢ ቆመው ነበር ማለት ነው።