አህያዋ ዝም ስላለች ደህና ናት አትበሉ

የእንስሳት ሕክምና ተምራችሁ ወደ ሰሜን ሸዋ ለምትመጡ ወጣቶች ነው የምጽፈው። ዕድሜዬን በዚህ ሥራ ገፍቻለሁና አንድ አደራ አለኝ፤ መርፌ ከማንሳታችሁ በፊት እንስሳዋን አገላብጣችሁ እዩ።

ከመንዝ ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ገበያ የምትወርድ አህያ መዥገር ይዛ ልትመለስ ትችላለች፤ መዥገሩም የደም በሽታ ያስይዛታል። ጭራዋን ቀና አድርጉ። እግረ ቀዩ መዥገር ሲያድግ እዚያ ፊንጢጣዋ ዙሪያ ነው የሚጣበቀው። ገና ትንንሽ ሳሉ ግን ጆሮዋ ውስጥ ተወሽቀው ታገኟቸዋላችሁ። ቀጥሎ ድዷንና የዓይኗን ሽፋን ገልጣችሁ እዩ። ነጥቷል? ቢጫ ሆኗል? ሽንቷስ ቀልቷል? መዥገሩ የሚያስተላልፋቸው ቴይለሪያና ባቤሲያ የሚባሉት ተውሳኮች ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብተው ያፈርሱታል።

ፈረስ ሲታመም ትኩሳቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ባለቤቱም ደንግጦ ይዞት ይመጣል። አህያ ግን ብዙ ጊዜ ሕመሙን ችላ ትኖራለች። ምግብ ትቀንሳለች፣ መንገድ ላይ ትዘገያለች። ባለቤቱ "ለገመች" ብሎ ዱላ ይጨምርባታል። ይሄ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ከጆሮዋ ደም ወስዳችሁ ስላይድ ላይ በስሱ ዘርጉ፣ ጊምሳ የሚባለውን ተውሳኩን የሚያሳይ ቀለም ቀቡት። በአንድ ሕዋስ ውስጥ አራት ሆነው መስቀል የሠሩ ካያችሁ ቴይለሪያ ነው። ካጣችሁ ግን "ነጻ ናት" ለማለት አትቸኩሉ። በሽታው ሲቆይ ተውሳኩ ደም ውስጥ በጣም ስለሚያንስ ከማይክሮስኮፕ ያመልጣል።

ለዚህ በሽታ የሚሰጠውን መድኃኒት፣ ኢሚዶካርብን፣ በጥንቃቄ ያዙት። መጠኑ ከበዛ አህያዋን ለሃጭ ያዝረበርባታል፣ ሆዷን ይቆርጣታል፣ ሊገድላትም ይችላል። ክብደቷን በዓይን አትገምቱ፤ የደረቷን ዙሪያ በሜትር ለኩ። ቴይለሪያ ከሕክምና በኋላም ደም ውስጥ ሊቀር ስለሚችል "ጨርሶ ይጠፋል" ብላችሁ ቃል አትግቡ። የጋሪ ፈረሶች ተሰልፈው ሲጠብቁም በአንድ መርፌ ሁለት እንስሳ እንዳትወጉ። በሽታው በመርፌም ይተላለፋል።

ከሁሉ የሚከብደው "አሳርፏት" ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ኩበት ጭና የምትሸጥ እናት "ታዲያ ምን ልብላ ልጄ?" ትላችኋለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ ትእዛዝ ሰጥታችሁ አትሸኟት፤ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ አስቡ። በውሰት አህያ የሚሰጣት ጎረቤት አለ? ዘመድስ? የግድ ከሆነ፣ ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ ጭነቱን ቀንሳ፣ ዳገቱን ትታ መሥራት ትችላለች? የፈረሰው ደም እስኪተካ ሳምንታት ይፈጃል። ቀጠሮውንም በገበያ ቀን አድርጉላት፤ ለእናንተ ብላ ሌላ ቀን እንዳታባክን።