ለዘውዱ አምስተኛ፣ ለጋብቻው ስምንተኛ

የጠያቂዋ ደብዳቤ

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 31 ዓመት ሲሆን ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አክስቴ ግን እኔን ለሰው ስታስተዋውቅ ሥራዬን ትታ ከሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አምስተኛ ትውልድ መሆኔን ታስቀድማለች። ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. ከቀረ ወዲህ ቤተሰባችን ከዚህ ዘር የተረፈው ሳሎን የተሰቀለ አንድ የቅድመ አያት ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ባለፈው ጥቅምት አክስቴ የዚያው ንጉሥ ዘር የሆነ፣ እርሱም አምስተኛ የሆነ ሰው አግኝታልኝ ጣይቱ ሆቴል ቡና እንድንጠጣ ቀን ቆረጠች። የሄድኩት እምቢታዬን በጨዋ አንደበት ለመናገር ነበር። የእንስሳት ሐኪም የሆነው ይህ ሰው ግን ገና ማኪያቶው ሳይቀርብ "አንቺም ተገደሽ ነው የመጣሽው?" ብሎ ጠየቀኝ። ወዲያው እምቢ ብንል ሌላ "ልዑል" እና ሌላ "ልዕልት" እንደሚፈለግልን ስለገባን ውል ገባን፤ እስከ ፋሲካ ድረስ "እየተዋወቅን ነው" እያልን ቤተሰቦቻችንን ልናቆያቸው፣ ለማስረጃም በየቅዳሜው ልንገናኝ።

ውሉ ሠራ፤ ችግሬም ይኸው ነው። አሁን ጾም በመግባቱ በባዶ ሻይ እንገናኛለን፣ እኔም ለቅዳሜ የምለብሰውን ከሐሙስ ጀምሬ እመርጣለሁ። መርፌ አልወጋም ብላ ግቢ ለግቢ ስላዞረችው አህያ ሲያወራልኝ እንባዬ እስኪመጣ ስቄያለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ሶፍት ላይ የሁለታችንን የዘር ሐረግ በእስክሪብቶ ሥሎ በጣቱ ቢቆጥር፣ ሰባት ቤት አልሞላልንም። ሶፍቱን አራት ላይ አጥፎ ኪሱ ከተተና "ለማንኛውም ቅዳሜ እንገናኝ" አለኝ። ደስ ይበለው ይክፋው ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም። ማታ አክስቴን ብጠይቃት ዓይኗን ሳታሽ "ለጋብቻው ሲሆን ሁለታችሁም ስምንተኛ ናችሁ" አለችኝ።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊላክ ነው። እኔ በዘመድ ሁሉ ፊት "በዘር ቆጠራ አላገባም" ብዬ የማልኩ ሰው፣ አሁን እሺ ብል አክስቴ ማሸነፏ አይደለም? ለእርሱስ የልቤን ልንገረው ወይስ ውሉን አክብሬ ልለያይ?

ውል አፍራሿ፣ ከፒያሳ

የአዘጋጇ መልስ

ልጄ ውል አፍራሿ፣

በመጀመሪያ የሚያስጨንቀውን ነገር እናንሣ፤ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አንቺው ልትደርሺበት ይገባ ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ያረፉት በ1840 ዓ.ም. ነው። በአያታቸው በወይዘሮ ተናኘወርቅ በኩል ከእርሳቸው የሚወለዱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ከንጉሡ ልጅ ጀምረን ስንቆጥር ሦስተኛ ትውልድ ናቸው፤ የተወለዱትም በ1884 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አንቺ አምስተኛ ከሆንሽ ከጃንሆይ የልጅ ልጆች እኩል ነሽ ማለት ነው። የንጉሡ ልጅ ንጉሡ በሞቱበት ዓመት ተወለደ ብንል እንኳ፣ ከዚያ ወዲህ አያት ቅድመ አያቶችሽ ሁሉ 36 ዓመት እስኪሞላቸው ሳይወልዱ መቆየት ነበረባቸው፤ ልጅ በአፍላነቱ በሚዳርበት በዚያ ዘመን ይህ የማይመስል ነገር ነው። በስምንተኛነት ብናሰላው ግን ለአንድ ትውልድ 21 ዓመት ገደማ ይደርሰዋል፣ ይህም ደንበኛ ቁጥር ነው። አክስትሽ የዋሸችሽ ለዘውዱ እንጂ ለጋብቻው አይመስለኝም። ይሁን እንጂ ይህ የእኔ ግምት ነውና፣ ከሁለቱም ወገን ዘር የሚያውቁ አዛውንት በስም በስሙ ይቁጠሩ፤ የንስሐ አባታችሁም ይስሙት።

ወደ ሰውዬው ልለፍ። በአገራችን ጋብቻን ለማስቀረት ሰባት ቤት አለመሙላትን የሚያህል ምክንያት የለም፤ ማንም አይከራከርበትም፣ ማንም አይቀየምበትም። መውጫ የፈለገ ሰው ያንን ሶፍት በዚያው ምሽት እናቱ ፊት ዘርግቶት፣ አንቺም እሑድ ጠዋት ከአክስትሽ ስልክ በሰማሽው ነበር። እርሱ ግን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶለት ሳለ አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ለቅዳሜም ቀጠረሽ። እኔ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ፊት አይቼ አላውቅም።

የአክስትሽን ማሸነፍ በተመለከተ፣ የቤተ መንግሥት ጋብቻ ያገናኘውን ሰው ሐሳብ ሁልጊዜ አይፈጽምም። ንግሥት ዘውዲቱን ገና በሕፃንነታቸው ለአፄ ዮሐንስ ልጅ የዳሩዋቸው ለፖለቲካ ነው፤ እርሳቸውን የጠየቀ አልነበረም፣ ባልየውም ብዙ አልቆዩም። በ1903 ዓ.ም. ወይዘሮ መነንን ለደጃዝማች ተፈሪ ያጋቡት ደግሞ አጎታቸው ልጅ ኢያሱ ሲሆኑ፣ በዝምድናው ተፈሪን ወደ ራሳቸው ሊያስጠጉ አስበው ነበር። ስድስት ዓመት ሳይሞላ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፣ አልጋ ወራሽ የሆኑትም ተፈሪ ነበሩ። የአገናኙ ስሌት እንዲህ ከሰረ፤ የተጋቡት ሰዎች ግን እቴጌ መነን በ1954 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት አብረው ኖሩ። ከጣይቱ ሆቴል በእግር የሚደረስበት አራት ኪሎ ሥላሴ ካቴድራል ብትገቢ ሁለቱን ጎን ለጎን ታገኛቸዋለሽ። አክስትሽም ለሠርጉ እልል ትበል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ የጠጣችው እርሷ አይደለችም። መሐላሽም ቢሆን አልፈረሰም፤ ያልሽው "በዘር ቆጠራ አላገባም" ነው፣ ይህ ሰው ደግሞ የሚያስቅሽ በዘሩ ሳይሆን በአህያው ነው።

ስለዚህ ፋሲካን አትጠብቂ፤ ሽማግሌ ከተላከ በኋላ የምትናገሪው ቃል የአንቺ መሆኑ ቀርቶ የቤተሰብ ይሆናል። በመጪው ቅዳሜ ሻዩ ሳይበርድ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄጂ፣ "ውሉን ማፍረስ የምፈልገው እኔ ነኝ" በይው። አፍሽ ከተሳሰረ ደግሞ አምስተኛውን ስምንተኛ ብለሽ እንድታርሚበት ያንን ሶፍት እንዲሰጥሽ ጠይቂው፤ ከኪሱ ካወጣው ሌላ ነገር መጠየቅ አያስፈልግሽም።