ከጀርባው ጻፉበት

ይድረስ ለደሴ፣ ለኮምቦልቻ፣ ለሐይቅና ለአካባቢው ፎቶ ወዳጅ ልጆች። እንደምን ከርማችኋል? እኔ ደህና ነኝ፤ ከጉልበቴ በቀር።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ደሴ ውስጥ ፎቶ ቤት ነው። ጉርድ ፎቶ፣ ሠርግ፣ ምርቃት፣ አንዳንዴም ከገጠር የመጡ ሽማግሌ ለመታወቂያ። አሁን ሥራውን ለልጆች ለቅቄያለሁ። ማታ ማታ የእህቴ ልጅ አጠገቤ ትቀመጥና የእናንተን ፎቶ በስልኳ ታሳየኛለች። አንዱ የአያቱን ጠገራ ብር ያነሳል። አንዷ ሐይቁ ዳር የቆመ ወፍ። ሌላው ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ጦሳ ተራራ ላይ ወጥቶ ከተማዋን ቁልቁል። ደስ ይላል፣ የእውነት። እኛ 36 ፍሬ ፊልም እየቆጠብን በምናነሳበት ዘመን ወፍ ላይ ፊልም የሚጨርስ ሰው ቢገኝ ዘመዶቹ ጠበል ይወስዱት ነበር።

ግን አንድ ነገር ይቆጨኛል። ፎቶው አለ፣ ታሪኩ የለም። ከሥሩ "ዋው ተፈጥሮ" ተብሎ ሁለት ልብ ይለጠፍበትና ያልፋል። ምን ወፍ ነው? የት ነው? መቼ ነው? ብሩስ የማን ነበር? ከዓመት በኋላ አንሺው ራሱ ብትጠይቁት አያስታውስም።

ድሮ ሰው ፎቶውን ከእኛ ተቀብሎ እንደወጣ የሚያደርገው ነገር ነበር። ገልብጦ ከጀርባው ይጽፋል። "ለውድ ወንድሜ፣ ለማስታወሻ" ይላል፤ ቀኑንና ቦታውን ይጨምራል። ከበታቹ የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ። ዛሬ አሮጌ ፎቶ ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ እኔ ቀድሜ የማየው ጀርባውን ነው። ጀርባው ባዶ ከሆነ ከፊት ያለው ሰውዬ ማንም ሊሆን ይችላል።

ይህ የሽማግሌ ወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሐይቅ እስጢፋኖስን ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ለሽርሽር ስትሄዱ በሩ ድረስ ደርሳችኋል። እዚያ ገዳም በጥንቱ አበምኔት በአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም የሚታወቅ የብራና ወንጌል አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር 1280 ገደማ የተጻፈ ነው። በእኛ 1960ዎቹ አጋማሽ ላይ የአገሪቱን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ሲጀመር ይህም ወንጌል ተነሣ። ቁጥር ተሰጠው፤ 1832። የት ገዳም እንደተገኘ፣ ምን እንደያዘ ተመዘገበ። የፊልሙ ቅጂ አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጧል፤ እነ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የእነዚህን መጻሕፍት ዝርዝር ሲያዘጋጁ ዓመታት ፈጅተዋል። ዛሬ ዓለም ላይ ያለ ተመራማሪ ቁጥሩን ብቻ ጠርቶ መጽሐፉን ያገኘዋል። ፊልሙን ያነሱት ሰዎች ቁጥሩንና ቦታውን ባይጽፉ ኖሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የግዕዝ ገጾች እርስ በርስ ተደባልቀው ይቀሩ ነበር።

እሺ፣ ወደ ጠገራ ብሩ ልምጣ። ከሁሉ ይበልጥ የምትሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፣ ከሁሉ ይበልጥ የምወደውም ይህን ሥራ ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ አታጥቡት። በአመድ፣ በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና አሽታችሁ "አበራሁት" የምትሉ አላችሁ። ያ ጥቁረት የብሩ ዕድሜ ነው። ሰብሳቢ የታሸ ብር ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ፍላሽም አታብሩ፤ መሃሉ ነጭ እሳት ሆኖ ዳሩ ይጠፋል። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ አስጠጉ። ጥቁር ጨርቅ አንጥፉ። ብርሃኑ ከአንድ ጎን ዝቅ ብሎ ይምጣ፤ በሌላው ጎን ነጭ ወረቀት አቁሙ። ያኔ ብሩ ላይ ያለችው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ የፀጉር ክር ሳይቀር ከብሩ ላይ ብድግ ይላል። ስልኩን ብሩ ላይ አትደፉት፤ ጥላው ያርፍበታል፣ ክቡም ይንጋደዳል። ራቅ አድርጋችሁ ትንሽ ዙም አድርጉ። መጽሐፍ በሁለት በኩል ከምራችሁ ስልኩን ከላይ ብታጋድሙት እጃችሁም አይንቀጠቀጥም። ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጡ። ፊቱን፣ ጀርባውንና ጠርዙን ለየብቻ አንሱ። ጠርዙ ላይ የላቲን ጽሑፍ አለ፤ ማንም አያነሳውም፣ እኔ ግን ቀድሜ የምፈልገው እሱን ነው።

ከዚያ ምን እንደያዛችሁ እወቁ። "1780 ይላል፣ የ240 ዓመት ብር ነው" ብላችሁ ትጽፋላችሁ። አይደለም። ማሪያ ቴሬዛ በዚያ ዓመት ሞተች፤ ብሩ ግን እኛ አገርና ዐረብ አገር ስለተወደደ ቀኑ ሳይቀየር መመታቱ ቀጠለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ጣልያን ራሱ ሮም ላይ ማስመታት ጀምሮ ነበር፣ ወደ እኛ ሲመጣ የሚከፍለው ብር ፈልጎ። ስለዚህ የአያታችሁ ብር ከአያታችሁ የሚያንስ ሊሆን ይችላል! ትክክለኛው ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ወርዱ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የድሮ ነጋዴ ሲቀበል ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ያይ ነበር፤ ዙሪያውን 9 ዕንቁ ካልቆጠረ አይወስድም። የእናንተ ፎቶ ያን ዕንቁ ማስቆጠር ከቻለ ፎቶ አነሣችሁ ማለት ነው። እና ጻፉበት። "የእናቴ አባት ባቲ ግመል ሸጦ ያመጣው" የሚል አንድ መስመር ከብሩ ዋጋ ይበልጥብኛል። ያን የሚነግሯችሁ ሰዎች ደግሞ ቁጥራቸው በየቀኑ እየቀነሰ ነው። ሂዱና ጠይቋቸው፣ ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ።

ነገር ግን ሁሉን ጽፋችሁ ሁሉን አታጋሩ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። እትዬ እገሊት ቤት ያለውን የብር መስቀል፣ የድሮ ድሪና የእግር አልቦ አንስታችሁ ከቀበሌው ስም ጋር የምትለጥፉ፣ ለማን እያሳያችሁ እንደሆነ አስቡት። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም ከቤተ መድኃኔዓለም ተሰርቆ ቤልጅየም ሰብሳቢ እጅ ገባ። የተመለሰው በ1993 ነው። ያ በዓለም የታወቀ መስቀል ስለሆነ ጮኸንለት። የእትዬ እገሊት ድሪ ቢጠፋ ማን ይጮህለታል? ስለዚህ ሁለት ጽሑፍ ይኑራችሁ። ሙሉው ቤት ይቀመጥ፤ ባለቤት፣ ቦታ፣ ልኬት፣ ቀን። ይህ ነገሩ የጠፋ ዕለት ማስረጃ ይሆናል። ለሰው የምታሳዩት ላይ "ደቡብ ወሎ" ይበቃል። ስልካችሁ ፎቶው ውስጥ ቦታውን ደብቆ እንደሚመዘግብም አትርሱ። ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሎኬሽኑን አጥፉት። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልኩ ይህ መረጃ ይራገፋል፣ እንደ ፋይል ስትልኩ ግን አብሮ ይሄዳል። የውጭ አገር ሰው በውስጥ መስመር "ስንት?" ካላችሁ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዳለ አስታውሱ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

ቴምብር የምትሰበስቡ ሁለት ሦስት ልጆች እንዳላችሁ አይቻለሁ። ለእናንተ ምክሬ አጭር ነው። በስልክ አትታገሉ፣ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ስካን አስደርጉት። በጣት ሳይሆን በወረንጦ ያዙት።

የዱር እንስሳውን በተመለከተ፣ ሁላችሁም ቀይ ቀበሮ ማንሳት ትፈልጋላችሁ። አልፈርድባችሁም። በዓለም የቀረው 500 ገደማ ነው፣ ከእሱም ጥቂቱ እዚሁ አቡነ ዮሴፍ ተራራና ቦረና ሳይንት ፓርክ ላይ ነው። ግን "ቀይ ቀበሮ አገኘሁ" ተብለው ከሚመጡት ፎቶዎች ስንቱ ተራ ቀበሮ መሰላችሁ! ለይታችሁ እዩ። ቀዩ እግሩ ረዥም ነው፣ አፍንጫው ቀጭን፣ ጉሮሮውና ደረቱ ላይ ነጭ አለው፣ ጭራው ወደ ጫፉ ይጠቁራል። አይጥ አድኖ የሚበላ፣ በቀን የሚወጣ አውሬ ስለሆነ በትዕግሥት ለተቀመጠ ሰው ይታያል። ሩጣችሁ አትከተሉት። ውሻችሁንም ይዛችሁ አትውጡ፤ ይህን እንስሳ ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ጭላዳ ይቀላል። ተቀምጦ ሣር ሲነጭ እናንተም ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉ፤ ከቆማችሁ ይሸሻል፣ ከተቀመጣችሁ ይረሳችኋል። የወንዱን የደረት ቅላት ለማንሳት ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመጣ ጥሩ ነው።

ወፍ ላይ ደንቡ አንድ ነው። መልቀሟን አቁማ አንገቷን ካቀናች፣ ቀርባችኋል። አንድ እርምጃ ተመለሱ። ጎጆ ካገኛችሁ ቅርንጫፉን ገለጥ አታድርጉ፤ እናቲቱ ጥላ ልትሄድ ትችላለች፣ ቁራም ከላይ ሆኖ እያያችሁ ነው። ቁራ ካልኩ አይቀር፣ ሥጋ ቤት ጣሪያ ላይ የሚያንጎራጉረውን ያን ትልቁን ቁራ አንድም ቀን አንስታችሁት አታውቁም። ምንቃሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው። እሱ ከአፍሪካ ቀንድ ውጪ የትም የለም። ፈረንጅ እሱን ለማየት የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦ ይመጣል፣ እኛ ድንጋይ እንወረውርበታለን። በእሱ ጀምሩ። ስሙን ስታጡ የእረኛ ልጅ ጠይቁ፤ መጽሐፍ የማይነግራችሁን ይነግራችኋል። የነገራችሁን ስም እንደሰማችሁት ጻፉት፣ ከየትኛው መንደር እንደሰማችሁም ጨምሩ።

ሽርሽሩስ? ሰኞ ባቲ ገበያ ስትወርዱ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ግዙ፣ ሰላምታ ስጡ። አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም እዚያ የመጣው ለንግድ ነው እንጂ ለእናንተ ፎቶ አይደለም። ሕፃን ካነሳችሁ "ማሻ አላህ" በሉ፤ እናትየው ልቧ ያርፋል። አይሆንም ካለች አይሆንም ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴቶች ልጆቼ ወደ ውስጥ መግባት እንደማይፈቀድ ታውቃላችሁ፣ ወንዶቹም ብትሆኑ ካሜራ ከማንሳታችሁ በፊት አባቶችን አስፈቅዱ።

ስለ ሰው ፎቶ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከበድ ያለ ነው። በ1977 ድርቅ ጊዜ መሐመድ አሚን የሚባል ኬንያዊ ካሜራማን ኮረም ላይ ያነሳው ምስል ዓለምን አንቀጠቀጠ። ኮረም ያኔ ወሎ ነበር። እህል መጣ፣ ሰው ተረፈ፤ ያን ማንም አይክድም። ግን በዚያ ዘመን ፎቶዎች ውስጥ ያሉትን ሰዎች እዩአቸው። አብዛኞቹ ስም የላቸውም። "ወሎዬ ረሃብተኛ" ብቻ ናቸው። አንዳንዱን ሳይ የማውቀው ሰው ፊት ይመስለኛል፣ የሚጠየቅ የለም። እናንተ ዛሬ ስልካችሁን ይዛችሁ የምታነሷት ጥጥ ፈታይ ስም አላት። ለመጠየቅ የሚወስደው ደቂቃ አይሞላም። ፎቶውንም ላኩላት፤ ስልክ ከሌላት አሳትማችሁ ውሰዱላት። እኛ ፎቶ ቤቶች እስከ ዛሬ አለን፣ ዋጋውም አይጎዳችሁም።

ጥቅምት ሲገባ አቡነ ዮሴፍ ለመውጣት የምትዘጋጁ ልጆች እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ወፍራም ጃኬት ያዙ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ የስልክ ባትሪ ይበላል፤ ስልኩን ከውስጥ ኪሳችሁ አታውጡት። ስትመለሱ ያነሳችሁትን በእህቴ ልጅ በኩል ላኩልኝ። ሃምሳ አትላኩ፣ አምስት ይበቃኛል። እንደ ፋይል ይሁን፣ ጥራቱ እንዳይወርድ። ከእያንዳንዱ ሥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ምን እንደሆነ ጻፉልኝ። ምን እንደሆነ ያላወቃችሁትን "አላወቅነውም" በሉ፤ አብረን እናፈላልገዋለን።