ካርዱ ላይ ምን ተጻፈ?

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ ወጣት «ሞተር ሳይክሌን ከገዛሁበት ድርጅት ሰርቪስ አስደርጌ ስወጣ ድምፁ ብሶበት አገኘሁት፤ ብመለስ ‹ጤነኛ ነው› ብለው ሸኙኝ። ምን ላድርግ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ገና ጀማሪ መካኒክ ሳለሁ፣ ዕቃ በማመላለስ የሚተዳደር አንድ ጎልማሳ ደንበኛ ነበረን። ሰርቪስ ባስደረገ ማግስት ተመልሶ ይመጣል። «ሲሄድ ያፏጫል፤ ጉድጓድ ውስጥ ስገባ ደግሞ ከበታቼ የሆነ ነገር ወጥሮ ይይዘኛል» ይላል። ተቀባዩ ፈገግ ብሎ ይሰማውና ካርዱ ላይ «ጠቅላላ ሰርቪስ» ብሎ ይጽፋል። መካኒኩ የሚያነበው ካርዱን ነው፤ ዘይት ይለውጣል፣ ያጥባል፣ ያስረክባል። ሞተሩ አብረቅርቆ ይወጣል፤ ፉጨቱ ግን ያው ነው።

ጣጣው ያለው ካቴናው፣ ማለትም የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ሰንሰለት ላይ ነበር። ማንም ሳይቀመጥበት፣ በስታንድ እንደቆመ፣ እንደ ክራር ወጥረውታል። በብዙ ሞተሮች ካቴናው መሃሉ ላይ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ያህል መላወስ አለበት፤ የየሞተሩ ትክክለኛ ልክ መመሪያው ላይ አለ። ሰው ሲቀመጥና ጉድጓድ ሲያገኝ የኋላ ጎማው ስለሚንቀሳቀስ ካቴናው ይበልጥ ይወጠራል፤ ያ ልቅነት የሚተወው ለዚህ ነው። የእሱ መላወሻ አልነበረውም። ቀስ በቀስ ካቴናው የሚዞርበትን የፊተኛውን ጥርስ የተሸከመውን ኩሽኔታ በላው፤ ከዚያ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ ለቀቀ።

ማፍሰስ ሲጀምር በዋስትናው ይሠራልኝ አለ። ሥራ አስኪያጁ ካርዶቹን አስመጥቶ አገላበጠ። ስለ ፉጨት አንዲት ቃል የለም። «የአያያዝ ጉድለት ነው» ተባለ። ሰውዬው አልተከራከረም፤ ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ሞተሩን እየገፋ ወጣ። እውነተኛው እሱ ሆኖ ሳለ በወረቀት ተረታ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ቅሬታችሁ በራሳችሁ ቃል ይጻፍ፤ ኪሎ ሜትሩና ቀኑም አብሮ። ቅጂ ሳትይዙ አትውጡ። የዛሬ ወጣት ከኃላፊው ጋር ሁለት ቃል ሳይነጋገር ስልኩን አውጥቶ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ይሳደባል፤ ይህ አይዋጥልኝም። ቢሆንም ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ስልክ ቢኖር፣ ያ ሰው ፉጨቱን ቀርጾ ባሰማቸው ነበር። አትጩኹ ብዬ ልመክራችሁ ነበር፤ ሐቁን ልናገር ካልኩ ግን እኛ ዘንድ ቶሎ የሚስተናገደው የሚጮኸው ነበር።

ደግሞ «ቫልቭም አስተካክለናል» ሲሏችሁ ሰዓት ተመልከቱ። ቫልቭ አየርና ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ፣ ጭሱንም የሚያስወጣ በር ነው፤ በአብዛኞቹ ሞተሮች የቫልቭ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። እንደጋለ አስገብታችሁት ወዲያው ከተረከባችሁ፣ አልነኩትም ማለት ነው። የድሮ አለቃዬ እጁን ሞተሩ ላይ ያሳርፍና ሙቀት ከተሰማው መለኪያውን ከእጃችን ይቀማን ነበር። ኃይለኛ ሰው ነበር፤ አንወደውም ነበር።

ሌላ መካኒክ ብታሳዩ አልቃወምም፤ ዋስትናው ሳያልቅ ግን እንዳይፈታው። ያየውን ጽፎ ይስጣችሁ፤ እሱን ይዛችሁ ወደ ኃላፊው ግቡ።

አንተ ጠያቂዬ፣ ከመሄድህ በፊት አንድ ሰው ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ካቴናውን በጣትህ ወደ ላይ ግፋው። ጨርሶ አልላወስ ካለ አትንዳው። በፊተኛው ጥርስ ዙሪያ ዘይት ካየህ ደግሞ ፎቶ አንሳውና በመኪና አስጭነህ ውሰደው፤ ዘይቱ የኋላ ጎማህ ላይ ካረፈ ኩርባ ላይ ይጥልሃል።