«ክፍሉ ውስጥ ዳይፐር መቀየሪያ አለ?»

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ።

አምድዎን የማነበው ማታ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ዛሬ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴ፣ እኔና ሦስት ልጆች። ትልቋ 13 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 6፣ ትንሿ ሁለት ዓመት ከአራት ወር።

ነገሩ የባሌ እህት ነች። በጋ ላይ እኛ ቤት እራት እየበላን «ለስፕሪንግ ብሬክ ሁላችንም ክሩዝ እንሂድ፣ ልጆቹ ይቀራረቡ» አለች። ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲያ አንድም ነገር የጠየቀኝ ሰው የለም። መርከቡን እሷ መረጠች፣ ቀኑን እሷ መረጠች፣ ቀብዳችንን ራሷ በካርዷ ከፍላ «በኋላ ትሰጡኛላችሁ» አለች። ከማያሚ የሚነሳ፣ ሰባት ሌሊት፣ ከተማ የሚያክል መርከብ። ለእኛ ቤተሰብ ብቻ ከ8 ሺህ ዶላር በላይ ነው፣ የአውሮፕላኑ ሳይቆጠር።

እኔ ከባልቲሞር የሚነሳ ትንሽ መርከብ አግኝቼ ነበር። አውሮፕላን የለ፣ ሆቴል የለ፣ መኪናችንን ወደቡ ላይ አቁመን መግባት ነው። ዋጋው ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ስነግራት ሳቀች። «እሱማ የጡረተኞች ነው፣ አንድ የውሃ መንሸራተቻ እንኳ የለውም» አለችኝ፣ ባሌ ፊት። ባሌም አብሯት ሳቀ። እትዬ፣ የሳቀው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ሁሌም እንዲህ ነች። የልጄን ልደት የት እንደምናደርግ የወሰነችው እሷ ናት። ሶፋችንን ስንገዛ ቀለሙን የመረጠችው እሷ ናት። አሁንም በየሳምንቱ በቴሌግራም የመርከቡን ቪዲዮ ትልክልኛለች። ባሌን ሳናግረው «ለቤተሰቡ ብላ እኮ ነው» ይላል፣ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። ቲፑ ደግሞ በየቀኑ በሰው ይቆረጣል አሉ፣ የልጆቹም ጭምር። ይኼን እንኳ የነገረችኝ የለም፣ ራሴ አንብቤ ነው የደረስኩበት።

ክፍሎቹንም እንዲሁ አከፋፍላዋለች። ሦስት ክፍል ነው የተያዘው። አንዱ የእሷና የባሏ፣ አንዱ የእኛ ከወንዱ ልጅ ጋር። ሦስተኛው ውስጥ ትልቋ ልጄ ከትንሿና ከእሷ ሁለት ልጆች ጋር ትተኛለች፣ 7 እና 4 ዓመታቸው ነው። እንዲህ ከሆነ እኛም ማታ ማታ ትንሽ ነፃነት እናገኛለን ነው ሐሳቡ። ልጄ ደግሞ ጎበዝ ናት፣ ቤትም የምታግዘኝ እሷ ናት። የባሌ እህት «13 ሞልቷታል፣ ሕጉም ይፈቅዳል» ብላለች።

የመጨረሻው ክፍያ ሊደርስ 12 ቀን ቀረው። ከዚያ በኋላ ብንሰርዝ ገንዘባችንን ይቆርጡብናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ትልቋ ልጄ አልሄድም ብላለች። ጓደኛዋ ቤት ትሁን፣ እነሱም ፈቅደዋል። ስንት ልጅ የሚመኘውን ነገር! ቪዲዮውን ሳሳያት ቀና ብላ እንኳ አላየችም። የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ክፍሉ ውስጥ ዳይፐር መቀየሪያ አለ?» አለችኝ። በንዴት ነው የጠየቀችው፣ እኔም ተቆጣኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምግብ ሰዓት በቀር ከክፍሏ አትወጣም። ዕድሜው ነው መሰለኝ። አስገድጄ ልውሰዳት ወይስ ትቅር? የባሌ እህትንስ እንዴት አድርጌ ልኳን ልንገራት?

የሰለቻት እናት፣ ከሜሪላንድ

*

የሰለቻት እናት ሆይ፣

ስለ ባልሽ እህት ከሶፋው ቀለም ጀምረሽ ነገርሽኝ። ልጅሽን መጨረሻ ላይ እንደ ምራቂ ጣል አደረግሻት። እኔ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ የቆምኩት እዚያው ምራቂዋ ላይ ነው።

ጥያቄዋን እስቲ ረጋ ብለሽ ስሚው። የ13 ዓመት ልጅ፣ ከተማ የሚያክል መርከብ ቪዲዮ ተከፍቶላት፣ ዋናውን አልጠየቀችም፣ ዋይፋዩን አልጠየቀችም። ዳይፐር የት እንደምትቀይር ጠየቀች። ይኼ ንዴት አይደለም፣ የዕድሜም አይደለም። ሥራ የተቀጠረ ሰው የሥራ ቦታው ምን እንደሚመስል ሲጠይቅ ነው። ማንም ሳይነግራት ገብቷታል። አንቺ ግን ያልገባሽ መስለሽ ተቆጣሻት።

አስቀድሜ ልናገር፣ እኔም የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። በ11 ዓመቴ ወንድሜን አዝዬ ገመድ እዘል ነበር። አንድ ቀን አብረን ወደቅን። የተገረፍኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ። እንግዲህ ከእኔ ሚዛናዊ መልስ አትጠብቂ።

አሁን ወደ መርከቡ። ሰው መርከብ ሲመርጥ መንሸራተቻ ይቆጥራል። ትንሽ ልጅ ያለው ቤተሰብ ግን መጀመሪያ የትንሿን ዕድሜ ነው መቁጠር ያለበት። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ነፃውን የልጆች ክለብ የሚከፍቱት 3 ዓመት ለሞላውና ዳይፐር ላቆመ ልጅ ነው። ሮያል ካሪቢያን እንዲህ ነው። ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ላሉት በሰዓት የሚከፈልበት ማቆያ አለው። ዲዝኒም ለሕፃናት በሰዓት የሚያስከፍል ማቆያ አለው። ካርኒቫል ደግሞ ክለቡን ከ2 ዓመት ይጀምራል፣ ዳይፐር ያደረገችውንም ይቀበላል። ያንቺ ትንሽ ልጅ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ናት። አየሽ፣ ለእናንተ በአንዱና በሌላው መርከብ መካከል ያለው ልዩነት ይኼ ነው፣ የመንሸራተቻው ቁጥር አይደለም።

ገንዳም አለ። ዳይፐር የሚያደርግ ልጅ የመርከብ ገንዳ ውስጥ አይገባም፣ የዋና ዳይፐርም ቢሆን። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ የሚባለው፣ የመርከብ ንጽሕና ደንብ ነው። አንዳንድ መርከብ ላይ ለእነሱ ብቻ የተለየ የውሃ መጫወቻ ይኖራል፣ ሁሉም ላይ ግን የለም። ታዲያ ሁሉም ውሃ ውስጥ ሲሆን ትንሿን ይዞ ዳር ላይ የሚቀመጠው ማነው? አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ ልጅሽማ ከሁላችንም ቀድማ አውቃዋለች።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይኼ ነው። እዚያው መርከብ ላይ ለእሷ ዕድሜ የተሠራ ቦታ አለ። ሮያል ካሪቢያንና ኖርዌጂያን ከ13 እስከ 17 ዓመት ላሉት የራሳቸው ክለብ አላቸው። ካርኒቫል ከ12 እስከ 14 ያሉትን ከትልልቆቹ ለይቶ ነው የሚይዘው፣ ለአንቺ ልጅ እንደውም ይኼኛው ይሻላል፣ ከ17 ዓመት ጎረምሶች ጋር ከመግባት። እዚህ ዕድሜ ላይ ልጆች የሚተዋወቁት በመጀመሪያው ማታ ነው። በሁለተኛው ቀን ቡድናቸው ተበጅቷል። የመጀመሪያውን ማታ ሦስት ሕፃን ስታስተኛ ያመሸች ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ዳር ቆማ ነው የምታሳልፈው።

«ሕጉ ይፈቅዳል» ላለችው፣ ልክ ናት። በሜሪላንድ ሕግ 8 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ቤት ውስጥ ለመጠበቅ 13 ዓመት ይበቃል። ሱቅ ደርሰሽ እስክትመለሺ ነው እንጂ ባሕር ላይ ሰባት ሌሊት በተርታ ማንም አላሰበውም። ቁጥሩን ሰምቶ ሕግ ጠቀስኩ ማለትማ ቀላል ነው።

እስቲ አንድ ነገር አስቢልኝ። መርከብ ከመነሳቱ በፊት ወይም እንደተነሳ ሁሉም ሰው አደጋ ቢደርስ የሚሰበሰብበትን ቦታ ይለማመዳል፣ ግዴታ ነው። ብዙ መርከቦች ለትንንሾቹ የእጅ አምባር ያስሩላቸዋል፣ የመሰብሰቢያ ቦታቸው የተጻፈበት። እንግዲህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ደወሉ ቢጮህስ? ኮሪደሩ ሰው በሰው ነው። አንዷን ታቅፋ፣ ሁለቱን በእጇ ይዛ፣ በደረጃ የምትወርደው የ13 ዓመት ልጅ ናት። አንቺ በሌላ ክፍል። አይደርስም ትዪኝ ይሆናል። አዎ፣ ብዙውን ጊዜ አይደርስም። ግን ማታ ስትተኛ ይኼን የምታስበው ማናት?

የባልቲሞሩን ነገር በአጭሩ። ቢያንገሸግሽሽም የባልሽ እህት እዚህ ላይ ትንሽ እውነት አላት። በማርች ከባልቲሞር ስትነሺ የመጀመሪያው አንድ ቀን ተኩል ብርድ ነው፣ አትላንቲክም ይንጣል፣ የውጭውን ገንዳ ደህና ሙቀት እስክትደርሺ አትነኪውም። ከማያሚ ከተነሳሽ በማግስቱ ባሃማስ ልትደርሺ ትችያለሽ። ትልቅ መርከብም በራሱ ጥፋት አይደለም። በ2024 ከማያሚ ሥራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ እስከ 7,600 መንገደኛ ይይዛል፣ መስማቱ ራሱ ይደክማል። ግን ትንንሽ ልጆችና ወላጆች አንድ ላይ የሚውሉበት ሰፈር ተለይቶ ተሠርቶለታል። ስለዚህ በመርከቡ ትልቅነት አትጣዪ፣ በዚያ ትሸነፊያለሽ። ቲፑን ግን ቁጠሪው። እንደ ኩባንያው በሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ነው፣ ለአምስት ሰው ሰባት ቀን ከ560 እስከ 700 ዶላር ይመጣል። ይኼን ሳይነግሩሽ መቅረታቸው ያናድዳል፣ እውነትሽን ነው።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። 12 ቀን አለሽ፣ ብዙ ነው። ነገ ጠዋት ኩባንያው ጋ ራስሽ ደውዪ፣ በባልሽ እህት በኩል አይደለም። የሁለት ዓመቷን የሚቀበል ማቆያ መኖሩን፣ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ቦታ ቀድሞ ይያዝ እንደሆነ ጠይቂ፣ ቦታው ቶሎ ስለሚሞላ። ከዚያ ክፍሎቹን አስቀይሪ። የእሷ ልጆች ከእሷ ጋር ይተኛሉ፣ አራት ሰው የሚይዝ ክፍል ሞልቷል። እናንተ አምስታችሁ በመካከል በር ያላቸው ሁለት ክፍሎች ጠይቁ። ትንሿ አንቺ ጋ፣ ትልቋና ወንዱ ከአባታቸው ጋር። ማታ ማታ ነፃነት ያላችሁት ነገር ከፈለጋችሁ ደግሞ ተራ ግቡ። አራት አዋቂ ናችሁ፣ አራት! እንዴት ነው ከአራት አዋቂ መሃል ተራው የ13 ዓመቷ ላይ የወደቀው?

የባልሽ እህት ትቆጣ ይሆናል። ትቆጣ። «ልኳን ልንገራት» ያልሽው ነገር ይኼው መጥቶልሻል፣ ንግግርም አያስፈልገውም፤ «ልጄ ሞግዚት አይደለችም፣ ክፍሉን ቀይሬዋለሁ» በያት። ክፍሉ አይቀየርም ካሉ ቤተሰብሽን ይዘሽ ሌላ መርከብ ያዢ። ቀብዱ ቢቀርም ይቅር። ለባልሽም ይኼንኑ ንገሪው፣ ሲስቅ ሳይሆን ልጁ ከክፍሏ አልወጣም ያለች ማታ።

አስገድጄ ልውሰዳት ወይ ላልሽው፣ ጥያቄሽ ተራውን ስቷል። ክፍሉ ሳይቀየር አትጠይቂያት። «እናስተካክላለን» ብለሽም አትግቢ፣ ይኼን ቃል ስንቴ እንደሰማችው አላውቅም፣ እኔ ግን በልጅነቴ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አዲሱን የክፍል ምደባ በስልክሽ ይዘሽ በሯን አንኳኪ። አሳያት። የወጣቶቹ ክለብ ማታ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆነ ንገሪያት። ከዚያ ጠይቂያት። አሁንም አልሄድም ካለች ጓደኛዋ ቤት ትሁን፣ አንድ ሳምንት እንደ ልጅ ትዋል፣ አንቺም ፊትሽን አታጨማድጂባት።

ዳይፐር መቀየሪያውን በተመለከተ፣ ልጅሽ መልስ ስላላገኘች እኔ ልመልስላት። ተራ ክፍል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የለም። አልጋው ላይ ፎጣ ተነጥፎ ነው የሚቀየረው። የምትቀይሪው አንቺ ነሽ።