ይቺ ነጥብ ምድር ናት ወይስ አቧራ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ስድስተኛ ክፍል የሚማረው ልጄ በስልኬ አንድ ፎቶ አሳየኝ። ጨለማ ነው፤ መሃሉ ላይ የብርሃን ሰንበር አለ፤ ሰንበሩ ላይ ደግሞ አንዲት ነጥብ። «እማዬ፣ ይቺ ምድር ናት» ይለኛል። አባቱ ስልኩን ተቀብሎ በእጅጌው ጠረግ አደረገና «አቧራ ነው» አለ። ነጥቧ ግን አልጠፋችም። ማናቸው ናቸው ልክ? ሰንበሩስ ምንድን ነው? እንዲያ ከሩቅ ሆኖ ምድርን በዓይን ማየት ይቻላል?
(የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ ልክ ልጅዎ ነው። አባቱንም ግን አይፍረዱባቸው። እኔ ራሴ ይህን ፎቶ መጀመሪያ ያየሁት እዚሁ ጎንደር ፊዚክስ ሳስተምር ነው፤ ያውም በፎቶ ኮፒ። ነጥቧ የማሽኑ ቀለም ያንጠባጠበው መስላኝ በላጲስ ልፈቃት ነበር።

ፎቶውን ያነሳችው ቮዬጀር 1 የተባለችው መንኮራኩር ናት። ከምድር የተነሳችው በ1969 ዓ.ም. ነሐሴ ማብቂያ ላይ ነው። የካቲት 7 ቀን 1982 ዓ.ም. 6 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሳለ ካሜራዋን ወደ ኋላ አዙራ 60 ፎቶ አነሳች። ያን መንገድ ብርሃን እንኳ አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። «ዞር ብለን እንያት እንጂ» ብሎ ለዓመታት የጎተጎተው ካርል ሴጋን የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር። 34 ደቂቃ ቆይቶ ካሜራዋ ተዘጋ፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም።

አቧራ አለመሆኑስ? ምድር በዚያ ሰዓት የት እንደምትገኝ ቀድሞ ተሰልቷል፤ ነጥቧም የተገኘችው እዚያው ነው። በዚያ ላይ በሐምራዊ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ ማጣሪያ ተራ በተራ ተነስታ በሦስቱም ታይታለች።

ወደ ሰንበሩ ልምጣ። ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ ሄደው፣ ልጅዎን ፀሐይ ከጀርባው ሆና ፎቶ አንስተውት ያውቃሉ? ስልኩ በቦታው ያልነበረ የብርሃን መስመር ይጨምርበታል። ቮዬጀርንም የገጠማት ይኸው ነው። የፀሐይ ብርሃን ካሜራዋ ውስጥ ገብቶ ተበተነ፤ አንዱ መስመር በአጋጣሚ ምድር ላይ አረፈ።

ስለዚህ ፎቶ የሚጽፉ ሰዎች ምድር ኢምንት መሆኗን ብቻ ነው የሚያወሩት። እኔን የሚደንቀኝ ግን ፀሐይ ጉያ ውስጥ መሆናችን ነው። ተማሪዎቼን ሜዳ አውጥቼ እንዲህ አሳያቸው ነበር። ምድር 1 ሚሊ ሜትር የምትሆን የጤፍ ፍሬ ትሁን። ያኔ ፀሐይ 11 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ትርንጎ ትሆናለች። ጤፏን ከትርንጎው 12 ሜትር ያህል አርቀን እናኖራለን። ጨረቃ ከጤፏ 3 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለች ብናኝ ናት። ባለ ቀለበቷ ፕላኔት ሳተርን ጋ ለመድረስ ከ110 ሜትር በላይ መሄድ ነው። ቮዬጀር ጋ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ ከአጥሩ ወጥቶ ቁልቁል መውረድ ነው። እዚያ ሆነው ዞር ቢሉ ጤፍና ትርንጎ ተጠጋግተው ነው የሚታዩት።

ስለዚህ ከሩቅ በዓይን ማየቱ አስቸጋሪ የሚሆነው ምድር ስለምታንስ ብቻ አይደለም፤ ፀሐይ ዓይን ስለምትወጋ ነው። ከሳተርን ሲታዩ ሁለቱ ቢበዛ 6 ዲግሪ ቢራራቁ ነው፤ እጅዎን ዘርግተው ሦስት ጣት ገጥመው ቢይዙ ያህል። ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር ሐምሌ 12 ቀን 2005 ዓ.ም. መላ ዘየደች። ሳተርንን እንደ ጃንጥላ ከፀሐይ ተከልላባት፣ ከ1.44 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ከቀለበቶቹ ሥር ምድርን አነሳቻት። ሰዎች ቀድመው ተነግሯቸው ስለነበር ወደ ሰማይ እጃቸውን ያውለበለቡ ብዙ ናቸው። ለእኛ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር፤ እኔም ተኝቼ አመለጠኝ።

ከማርስ ግን ቀላል ነው። ቬነስ ለእኛ የአጥቢያ ኮከብ እንደሆነች፣ ምድርም ለማርስ አንዴ ከንጋት በፊት፣ አንዴ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የምትወጣ ደማቅ ኮከብ ናት። ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ተሽከርካሪ ጥር 23 ቀን 2006 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ ከማርስ መሬት አንስታታለች፤ ጨረቃም አጠገቧ ደብዘዝ ብላ ትታያለች። እዚያ ቆሞ የሚያይ ሰው ቢኖር ሁለቱንም በባዶ ዓይኑ ይለያቸው ነበር።

ለልጅዎ በትርንጎ ያሳዩት፤ አባትየውም ይጠሩ። ጤፏን ግን ጥቁር ወረቀት ላይ በሙጫ ይለጥፏት። እኔ ሳልለጥፍ መሬት ላይ አስቀምጫት፣ ሳተርን ጋ ደርሰን ስንመለስ የጎረቤት ዶሮ ምድርን ለቅማታለች።